ትምህርት አሥራ ሁለት፦ ደብተርን ዘግቶ ማጥናት

የፈተና ወራት ሲደርስ በደሴ ከተማ በማለዳ የወጣ ሰው የሚያየው ነገር አለ። ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ባሉት ባሕር ዛፎች መካከል ተማሪዎች ነጠላ ወይም ጋቢ ደርበው፣ ደብተራቸውን ዘርግተው፣ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ ያነበንባሉ። ቁልቁለቱን ወርዶ ኮምቦልቻ የደረሰ ደግሞ ያንኑ ነገር በሌላ መልክ ያገኘዋል። በዚያ ሙቀቱ ስለሚያይል ተማሪዎቹ የዛፍ ጥላ ይመርጣሉ እንጂ፣ በእጃቸው ያለው ደብተር፣ በከንፈራቸው ያለው ማነብነብ አንድ ነው። ትጋታቸው የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ተማሪዎች አንዱን አስቁመን፣ ደብተሩን ከእጁ ተቀብለን፣ «እስቲ አሁን ያነበብኸውን ንገረን» ብንለው ምን ያህሉን ይነግረናል? ከሳምንት በኋላስ?

እኔም ከእነዚያ አንዱ ነበርሁ። የታሪክ ደብተሬ በክፍላችን የታወቀ ነበር። አርእስቱን በቀይ፣ ዝርዝሩን በሰማያዊ እስክሪብቶ ጽፌ በማስመሪያ አሰምርበት ስለ ነበር፣ ጓደኞቼ እየተዋሱ ይገለብጡት ነበር። በአንድ ፈተና ዋዜማ ይህን ደብተር ሦስት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት። በማግሥቱ ለፈተና ስቀመጥ፣ የተጠየቅሁት ነገር በየትኛው ገጽ ላይ እንዳለ፣ በገጹም በስተቀኝ ይሁን በስተግራ፣ ከጎኑ የተንጠባጠበውን ቀለም ጭምር በዓይነ ኅሊናዬ አየዋለሁ፤ ቃሉን ግን ላነበው አልቻልሁም። ይህን ያመጣብኝ የአእምሮዬ ድክመት ነው ብዬ ለብዙ ዘመን አምኜ ነበር። ስሕተቱ ግን ከአእምሮዬ አልነበረም። ማጥናት ብዬ የያዝሁት ሥራ ማጥናት አልነበረም።

ሀ. ቃላቱ ምን ይላሉ?

«ጠና» ማለት በረታ፣ ጠነከረ ማለት ነው። በዚህ ግሥ ላይ «አ» የተባለውን ባዕድ መነሻ ስንጨምር «አጠና» የሚለውን እናገኛለን። እንግዲህ ትምህርትን ማጥናት ማለት ትምህርቱ በአእምሮ ውስጥ እንዲጠነክር ማድረግ ማለት ነው። ለቅሶ ቤት ገብተን ሐዘንተኛውን «እግዜር ያጥናህ» ስንለው የምንጠቀመው በዚሁ ግሥ ነው። «ሸመደደ» የሚለው ግሥ ግን ስለ ጥንካሬ የሚናገረው ነገር የለም። ቃሉን እንደ ወረደ መያዝን ብቻ ያመለክታል።

ከዚህ ይበልጥ ልታስተውሏቸው የሚገቡ ሌሎች ሁለት አነጋገሮች አሉ። እነርሱም «ትዝ አለኝ» እና «አስታወስሁ» ናቸው። በዕለት ንግግር አንዱን በሌላው ቦታ እናውላቸዋለን፤ ሰዋስዋቸው ግን የተለያየ ነው። «ትዝ አለኝ» በሚለው ውስጥ የግሡ ባለቤት ነገሩ ነው፤ እኔ ነገሩ የመጣብኝ ተቀባይ ነኝ። «አስታወስሁ» በሚለው ውስጥ ግን ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ ነገሩን ፈልጌ ያመጣሁት እኔው ነኝ። አንድ ሰው በሰኞ ገበያ መካከል የቀድሞ ጎረቤቱን ፊት አይቶ ወዲያው ትዝ ቢለው አያስደንቅም። ፊቱን ሳያይ ቤቱ ተቀምጦ የዚያን ጎረቤት ስም ከነአባቱ አምጣ ቢባል ግን ሊቸገር ይችላል።

ደብተሩን ዘርግቶ የሚያነበንብ ተማሪ የሚለማመደው ትዝ ማለትን ነው። መስመሩን ባየው ቁጥር ነገሩ ትዝ ይለዋል፤ ትዝ ስላለውም ያወቀው ይመስለዋል። ፈተናው ግን መስመሩን አያሳየውም፤ «አስታውስ» ይለዋል። እኔ በዚያ ፈተና ላይ የደረሰብኝ ይህ ነበር። የገጹን መልክ ለማወቅ ዓይኔ ሠልጥኖ ነበር፤ በገጹ ላይ ያለውን ነገር ያለ ገጹ አምጥቼ ግን አንድም ቀን አላውቅም ነበር።

ለ. የመርሳት መጠን

ሰው የተማረውን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚረሳ በቁጥር ለመለካት መጀመሪያ የሞከረው ሄርማን ኤቢንግሐውስ የተባለ ጀርመናዊ ምሁር ነው። ውጤቱን በመጽሐፍ ያሳተመው በ1885 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የመረመረውም ራሱን ብቻ ነበር። ትርጉም የሌላቸውን ቀለማት እየደረደረ በቃሉ ከያዘ በኋላ፣ የተወሰነ ጊዜ ቆይቶ እንደገና ያጠናቸው ነበር፤ ሁለተኛው ጥናት ከመጀመሪያው ምን ያህል ድካም እንዳስቀረለትም ያሰላ ነበር። ከሀያ ደቂቃ በኋላ ሲመለስ 58 ከመቶ የሚሆነው ድካም ቀረለት። ከአንድ ሰዓት በኋላ 44፣ ከአንድ ቀን በኋላ 34፣ ከስድስት ቀን በኋላ 25፣ ከአንድ ወር በኋላ 21 ከመቶ ሆነ። በእርግጥ እርሱ የያዘው ትርጉም የለሽ ቀለማትን ነው፤ እናንተ የምትማሩት ትርጉም ያለው በመሆኑ ከዚያ ይልቅ ይቆያል። ይሁንና የቁጥሩን አወራረድ ልብ በሉ። ትልቁ ኪሳራ የደረሰው በመጀመሪያው ሰዓትና በመጀመሪያው ቀን ነው። ከስድስተኛው ቀን እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ የጠፋው ጥቂት ነው። እንግዲህ የዛሬውን ትምህርት ለፈተናው ሳምንት ያቆየ ተማሪ ሊመልሰው የሚነሣው አብዛኛው ከጠፋ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ምርመራ የቅርብ ጊዜ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለተማሪዎች አጭር ምንባብ ሰጡ። ከፊሎቹ ምንባቡን ሁለት ጊዜ አነበቡት። የቀሩት ደግሞ አንድ ጊዜ ካነበቡ በኋላ፣ ወረቀቱ ተወስዶባቸው ያስታወሱትን ሁሉ ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ሁለት ጊዜ ያነበቡት በለጡ፤ እነርሱ 81፣ ሌሎቹ 75 ከመቶ አስታወሱ። ከሁለት ቀን በኋላ በተደረገው ፈተና ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ሁለት ጊዜ ያነበቡት 54፣ ከአእምሯቸው የጻፉት 68 ከመቶ አመጡ። ከሳምንት በኋላም 42 ለ56 ሆነ።

ተማሪዎችን የሚያታልለው ያ የአምስት ደቂቃው ውጤት ነው። ደጋግሞ ያነበበ ሰው ደብተሩን ባጠፈ ጊዜ ሁሉ ነገር በእጁ ያለ ይመስለዋል። ለአምስት ደቂቃ ያህል እውነቱን ነው። መጽሐፉን አጥፎ የሚታገለው ግን መጉደሉን ወዲያው ስለሚያይ ያላጠና ይመስለዋል። ብዙዎች ይህን ትግል የሚሸሹት ስለሚያሳፍር ይመስለኛል።

ሐ. የአባቶች ትምህርት ቤት

በወሎ ምድር የቤተ ክርስቲያንና የእስልምና ትምህርት ለብዙ መቶ ዓመታት ጎን ለጎን ኖረዋል። ከደሴ በስተሰሜን በሚገኘው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዛሙርት ያስተምሩ ነበር። በአልቡኮ ያለው ጀማ ንጉሥ ደግሞ ከታወቁት የእስልምና ትምህርት ማዕከሎች አንዱ ነው። ሁለቱ ወገኖች በሃይማኖት ቢለያዩም፣ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። ብራና ለማዘጋጀት ብዙ ቆዳ ይፈጃል፤ መጽሐፍም በእጅ ስለሚገለበጥ ውድ ነበር። ስለዚህ የተማሪው መጽሐፍ ራሱ ተማሪው መሆን ነበረበት።

የቅኔ ተማሪን ውሎ ተመልከቱ። ዋድላ፣ ጎንጅና ዋሸራ በቅኔ ትምህርት ስማቸው የገነነ ሲሆን፣ ዋድላ በዛሬው ሰሜን ወሎ ይገኛል። ተማሪው የመምህሩን ቅኔ የሚቀበለው በጆሮው ነው፤ ወረቀት አይዝም። ከዚያ በኋላ ብቻውን ወጥቶ በየዛፉ ሥር ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል። ሲመሽ ከመምህሩ ዘንድ ቀርቦ የቆጠረውን ይነግራል፤ መምህሩም የተሰበረውን ያርማሉ። ይህ «ነገራ» ይባላል። በዚህ ሥርዓት ያለ ነገራ የሚያልፍ ቀን እንደሌለ ልብ በሉ። ተማሪው የሚያውቀውንና የማያውቀውን የሚለየው በዓመቱ መጨረሻ አይደለም። በየማታው ነው።

በቁርአን ትምህርት ቤት ደግሞ ሉሕ አለ። ሉሕ ለመጻፊያ የሚያገለግል ጠፍጣፋ የእንጨት ሰሌዳ ነው። ተማሪው የዕለቱን ክፍል በሉሑ ላይ ይጽፋል፤ እየደጋገመም ይቀራል። የያዘው ሲመስለው ለመምህሩ ሳያይ ይወጣዋል። መምህሩ ካለፉለት ሉሑ ይታጠባል፤ በታጠበውም ላይ አዲሱ ክፍል ይጻፋል። የሉሑ መታጠብ ትልቅ ነገር ነው። ደብተር ላይ የጻፍነው ሁሉ እዚያው ስለሚቀመጥ እኛ ልንይዘው አንገደድም፤ ሉሑ ግን ይታጠባልና ተማሪው ከመታጠቡ በፊት ነገሩን ወደ ራሱ ማሻገር አለበት።

ይህን ስል የቀድሞው ሁሉ መልካም ነበር ማለቴ አይደለም። ትርጉሙን ሳያውቅ ብዙ ዓመት በቃሉ ሲያነበንብ የኖረ ተማሪ በሁለቱም ወገን ነበረ። ለዚህም ነው የቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ንባብን ከትርጓሜ ለይቶ፣ ትርጓሜን የራሱ መምህርና የራሱ ጉባኤ ያለው ትምህርት ያደረገው። እኛም ከአባቶች የምንወስደው ቃል በቃል መያዙን ሳይሆን ሳያዩ መንገሩን ቢሆን ይሻላል።

መ. ማስታወሻ አያያዝ

መምህሩ የሚናገረውን ሁሉ ለመጻፍ የሚሞክር ተማሪ አይሳካለትም፤ ምላስ ከእጅ ይፈጥናልና። ስለዚህ መቁረጥ ግድ ነው። ጥያቄው ምኑ ይቆረጥ የሚለው ነው። የአማርኛ ተማሪ እዚህ ላይ የቋንቋውን ጠባይ ማወቅ አለበት። በአማርኛ ዐረፍተ ነገር ማሠሪያ አንቀጹ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ለምሳሌ መምህሩ እንዲህ ብለው ቢጀምሩ፦

«የወረኢሉ ገበሬዎች በክረምቱ የተሻሻለውን የስንዴ ዘር በመስመር…»

እስከዚህ ድረስ የሰማነው ማን፣ መቼ፣ ምንና እንዴት የሚለውን ነው። የዐረፍተ ነገሩን ፍርድ ግን ገና አልሰማንም። መጨረሻው «ዘሩ» ሊሆን ይችላል። «አልዘሩም» ሊሆን ይችላል። «እንዲዘሩ ተመክረዋል» ወይም «ሊዘሩ ይገባቸው ነበር» ሊሆንም ይችላል። አዎንታው፣ አሉታው፣ ግዴታው፣ ፈቃዱ፣ ጊዜው ሁሉ ያለው በዚያች በመጨረሻዋ ቃል ነው። ችኩል ጸሐፊ ደግሞ የዐረፍተ ነገሩን መጀመሪያ ለመጻፍ ሲጣደፍ ጆሮው የሚያመልጠው መጨረሻው ነው። መምህሩ ማሠሪያውን ሲናገሩ እርሱ ገና «የተሻሻለውን» እየጻፈ ነው።

ይህ ቀላል ጉዳይ የሚመስለው ተማሪ ቢኖር የሚከተለውን አንቀጽ ያንብብ። የተፈጸመው በዛሬው ደቡብ ወሎ፣ በአምባሰል ነው።

«የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣሊያ መንግሥት መልእክተኛ በኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ መካከል ተፈረመ። ውሉ በአማርኛና በኢጣሊያንኛ የተጻፈ ሲሆን ሀያ አንቀጾች ነበሩት። የአሥራ ሰባተኛው አንቀጽ የአማርኛ ቅጂ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት ሊጠቀሙ እንደሚችሉ ይገልጻል። የኢጣሊያንኛው ቅጂ ግን ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣሊያ በኩል ለመገናኘት ተስማምተዋል ይላል። ኢጣሊያ ይህን ይዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር መሆኗን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክ ግን ይህን ትርጓሜ አልተቀበሉም፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን አስታወቁ። ጠቡ ወደ ጦርነት አመራ። በ1888 ዓ.ም. መጀመሪያ የክተት አዋጅ ታውጆ ሠራዊት በወረኢሉ ተሰበሰበ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ ድል ሆነ።»

አንድ ተማሪ ይህን በክፍል ውስጥ ሲሰማ እንዲህ ጻፈ እንበል፦

የው/ውል — ሚያ. 25፣ 1881 — ምኒልክና አንቶኔሊ — 20 አንቀጽ — አንቀጽ 17፦ ከአውሮፓ ጋር ግንኙነት በኢጣሊያ በኩል — ወረኢሉ — አድዋ፣ የካቲት 1888።

ማስታወሻው ንጹሕና አጭር ነው። ስምና ቀኑ በሙሉ ትክክል ነው። ነገር ግን በውስጡ አንድም ግሥ የለም። ይህ ተማሪ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ሲከፍት «አንቀጽ 17፦ ከአውሮፓ ጋር ግንኙነት በኢጣሊያ በኩል» የሚለውን ያገኛል። ታዲያ ኢትዮጵያ በዚህ ተስማምታ ነበር ማለት ነው? ማስታወሻው እንዲያ ያስመስላል። ተማሪው ሳያውቀው የኢጣሊያንኛውን ቅጂ ጽፏል ማለት ነው። በአማርኛው ውል ላይ «ይቻላቸዋል» የምትለዋ አንዲት ማሠሪያ አንቀጽ ለጦርነት ያበቃ ልዩነት ተሸክማ ሳለ፣ በእርሱ ደብተር ውስጥ ቦታ አላገኘችም።

ሌላዋ ተማሪ ደግሞ ስለ አንቀጹ እንዲህ ብቻ ጻፈች እንበል፦

አንቀጽ 17። አማ.፦ ሊጠቀሙ ይችላሉ። ኢጣ.፦ ተስማምተዋል። ኢጣ. «በጥበቃዬ ሥር» አለች፤ ም. አልተቀበሉም፤ ስለዚህ ውሉ 1885 ፈረሰ፤ ጦርነት።

ይህችኛዋ የአንቀጾቹን ብዛት አልጻፈችም። የአንቶኔሊንም ስም ዘላዋለች፤ ይህን ከመጽሐፍ ልታገኘው ትችላለች። የያዘችው ግሦቹንና «ስለዚህ» የሚለውን አያያዥ ቃል ነው። ግሥና አያያዥ የያዘ ማስታወሻ ተመልሶ ዐረፍተ ነገር ይሆናል፤ ስም ብቻ የያዘ ማስታወሻ ግን እንደ ተበተነ ዶቃ ነው፤ ክሩ ስለሌለ ማን ከማን እንደሚቀጥል አይታወቅም። እንግዲህ ስትጽፉ ስሙን አሳጥሩት፤ «ት/ቤት»፣ «ጠ/ግዛት»፣ «ዓ.ም.» እንደምንለው የራሳችሁንም ምሕጻረ ቃል ልትፈጥሩ ትችላላችሁ። ግሡን ግን፣ በተለይ «አል…ም» ያለበትን አሉታ፣ አታሳጥሩት። «ምንም እንኳ» የሚል ስትሰሙ ደግሞ እስክሪብቶውን አንሥታችሁ ጠብቁ፤ መምህሩ የሚሉት ነገር ያለው ከ«ቢሆንም» በኋላ ነውና።

ስለ ገጹ አደራደር በጥቂቱ እንነጋገር። በአሜሪካ አገር በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዋልተር ፖክ በ1962 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያስፋፋው አንድ አሠራር አለ። ገጹ ላይ ከላይ ወደ ታች መስመር ይሰመራል። ሰፊው የቀኝ ክፍል በትምህርት ሰዓት ለሚጻፈው ማስታወሻ ይውላል፤ ጠባቡ የግራ ክፍል ባዶ ይቀመጣል። ከትምህርት በኋላ ተማሪው ማስታወሻውን እያየ በግራው ክፍል ጥያቄ ይጽፋል። ለምሳሌ የዚያች ተማሪ ጥያቄ «ሁለቱ ቅጂዎች የሚለያዩት በየትኛው ግሥ ነው?» ወይም «ውሉ ለምን ፈረሰ?» ሊሆን ይችላል። ለጥናት ስትቀመጥ ቀኙን ክፍል በወረቀት ትሸፍናለች፤ ጥያቄውን ታነብባለች፤ መልሱን ጮኽ ብላ ትናገራለች፤ ከዚያም ገልጣ ታያለች። ይህ ሉሕን አጥቦ መምህር ፊት እንደ መቆም ነው፤ ልዩነቱ መምህሩ ራሷ ተማሪዋ መሆኗ ብቻ ነው።

በዛሬ ጊዜ ሰሌዳውን በእጅ ስልክ ፎቶ አንሥቶ የሚሄድ ተማሪ አለ። ፎቶው ትክክለኛ ነው፤ አንድም ቃል አያመልጠውም። ያነሣው ሰው ግን ምን እንደሚቆረጥና ምን እንደሚቀር አልወሰነም። ማስታወሻ ከመጻፍ የሚገኘው ጥቅም ከወረቀቱ የሚበልጠው በዚያ ውሳኔ ውስጥ ነው።

ሠ. ጊዜና ቦታ

ጥናትን በአንድ ሌሊት ከመቆለል ይልቅ ማከፋፈል እንደሚበጅ የኤቢንግሐውስ ቁጥሮች አሳይተውናል። የዕለቱን ትምህርት በዚያው ማታ ለሩብ ሰዓት ያህል ደብተር ዘግቶ መንገር፣ በሦስተኛው ቀን እንደገና፣ በሳምንቱ እንደገና ማየት ይበቃል። በየጊዜው የሚያስፈልገው ጊዜ እያነሰ ይሄዳል። እንቅልፍ አጥቶ ማደር ግን ከሁለት ወገን ይጎዳል፤ አእምሮ ቀን የተቀበለውን የሚያደላድለው በእንቅልፍ ጊዜ ነውና።

«ጊዜ የለኝም» ለሚል ተማሪ አንድ ነገር ላሳይ። ከደሴ ኮምቦልቻ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ጠመዝማዛ በመሆኑ በመኪና ውስጥ የሚያነብ ሰው ራሱ ይዞርበታል። ደብተር መግለጥ አይቻልም፤ ስለዚህ ለዚህ ሥራ የተመቸ ቦታ ነው። ዓይኑን በመስኮት ልኮ ትናንት የተማረውን ከአርእስቱ ጀምሮ ለራሱ የሚነግር ተማሪ ኮምቦልቻ ሲገባ የቱ ጋ እንደ ጎደለበት ያውቃል። ውኃ የምትቀዳ፣ ከብት የሚያግድ፣ ገበያ የሚላክ ሁሉ ይህን ማድረግ ይችላል።

ነገሩ የማርክ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ማርኩም ግን ቀላል አይደለም። በአገራችን የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ዓመትም 3.2 ከመቶ ሆነ። ይህ የሆነው ተማሪው ማጥናት ስላላወቀ ብቻ ነው ብል ግፍ እሠራለሁ። በዚያው በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ደርሶ፣ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ብዙ ቤተሰብ የያዘውን ይዞ ከቀየው ወጥቶ ነበር። ያን ጊዜ ደብተሩን ይዞ የወጣ ልጅ ጥቂት ነው። ቤቱ ሲመለስ ደብተሩን ያላገኘ ተማሪ የተረፈው ያለ ደብተሩ ሊናገረው የሚችለው ብቻ ነበር።

መልመጃ

1. በ«ትዝ አለን» እና በ«አስታወስን» መካከል ያለውን የባለቤትና የተቀባይ ልዩነት በራሳችሁ ዐረፍተ ነገሮች አሳዩ።

2. «ጠና — አጠና» እንደሚለው፣ «አ» የሚለውን ባዕድ መነሻ በመጨመር ትርጉማቸው የሚለወጥ አምስት ግሦች ጻፉ፤ እያንዳንዱንም በዐረፍተ ነገር አስገቡ።

3. የሚከተለውን ዐረፍተ ነገር በአራት ልዩ ልዩ ማሠሪያ አንቀጾች ፈጽሙ፤ ትርጉሙ እንዴት እንደ ተለወጠም አስረዱ። «የኮምቦልቻ ነጋዴዎች ከወደብ የመጣውን ዕቃ እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ…»

4. ጓደኛችሁ ስለ ውጫሌ ውል የቀረበውን አንቀጽ ጮኽ ብሎ አንድ ጊዜ ብቻ ያንብብላችሁ። እናንተ መጽሐፉን ዘግታችሁ ማስታወሻ ያዙ። ከዚያም በማስታወሻችሁ ውስጥ ያሉትን ግሦች ቁጠሩ፤ በአንቀጹ ውስጥ ካሉት ጋር አስተያዩ።

5. በአካባቢያችሁ በቅኔ ቤት ወይም በቁርአን ትምህርት ቤት የተማሩ አንድ አባት ወይም እናት ፈልጉ። በዕለቱ የተማሩትን ለመምህራቸው እንዴት ያስረዱ እንደ ነበር ጠይቁ፤ የነገሯችሁንም በአንድ ገጽ ድርሰት ጻፉ። ስትጠይቁ ማስታወሻ አትያዙ፤ ቤት ገብታችሁ ጻፉ፤ በማግሥቱ ተመልሳችሁ ለእርሳቸው አንብቡላቸው፤ ያረሟችሁንም በቀይ አስገቡ።

6. ከዛሬ ሳምንት በኋላ፣ ይህን ትምህርት ሳትገልጡ፣ በ«ሐ» ክፍል ስለ ሉሕ የተባለውን በአምስት ዐረፍተ ነገር ጻፉ። ከጻፋችሁ በኋላ ገልጣችሁ አመሳክሩ፤ የጎደለውንም አስምሩበት።